አዳዳ ያወፈረቻት ልጅ

የበደለችኝ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት። ጊዜው የልጄ ልጅ አራት ዓመት በሞላት ዓመት፣ በጥር ወር ነው፤ ቦታው ጎባ። ለሐኪም ብዬ የተናገርኩትን አንድ ነገር ይዛ ወጥታ ከተማውን አዳረሰችው።

ስሟን አልጽፍም። የወንድሞቿ ልጆች አዳዳ ይሏታል፤ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ልጆቹ ሲሏት እኛም አልናት፣ ጎረቤትም አላት፣ ዛሬ ሥጋ ሻጩ ሳይቀር አዳዳ ይላታል። ፊት ለፊት «እርስዎ» እላታለሁ። ወረቀት ላይ ግን የሚያስገድደኝ የለም።

እኔ የሱቅ ልጅ ነኝ። አባቴ ከስልጤ መጥቶ ሮቤ ላይ ሱቅ ከፈተ፤ ካልሲ፣ ክር፣ ቁልፍ፣ የተማሪ ሹራብ ይሸጥ ነበር። እኔም ዛሬ ድረስ እሱኑ እሸጣለሁ። የባለቤቴ ቤተሰቦች የጎባ ሰዎች ናቸው፣ ገብስም ከብትም ያላቸው። በሰርጌ ማግስት አዳዳ ሴቶቹ መሃል ቆማ፣ «ይቺ የነጋዴ ልጅ ወተት በሲኒ ነው የምትሰጠን» አለች። ሳቁ። ይህ ከሆነ ሠላሳ ስድስት ዓመት አልፏል። በሲኒ ወተት የሰጠሁት ሰው የለም፤ ለእሷ አንድ ጊዜ ሰጥቻለሁ፣ ሆን ብዬ።

ሌላው ነገር ጭኮ ነው። ጭኮ የተቆላ ገብስ ተፈጭቶ በተነጠረ ቅቤና በጨው የሚታሽ ምግብ ነው። በእኛ አገር እንግዳ የሚከበረውም አራስ የምትጠገነውም በእሱ ነው። የእኔ ጭኮ ይደርቃል። ለምን እንደሚደርቅ አላውቅም። አዳዳ ዒድ በመጣ ቁጥር ከእኔ ሳህን ቁራሽ ታነሳና ወደ መስኮቱ ብርሃን ይዛ፣ «ይሄ ለግንብ ይሆናል» ትላለች። ቤቱ ይስቃል። ባለቤቴም ይስቃል፣ ወደ ግድግዳው ዞሮ።

ልጄ ገሰራ በምትባል ከተማ አስተማሪ ናት። ባሏ በሥራ ምክንያት ሌላ አገር ስለሚውል ልጅቷ የምታድገው እኔ ዘንድ ነው። እናቷ ሰኞ ሄዳ ዓርብ ትመለሳለች። ልጅቷ አኮ ትለኛለች፤ አያቴ ማለቷ ነው። ጠዋት አዝያት ሱቅ እከፍታለሁ፣ እሷ የካልሲ ጥንድ ታገናኛለች። አንዳንዴ በትክክል ታገናኛለች።

በዚያ ጥር ውርጩ የባሰ ነበር። የመዋዕለ ሕፃናቱ ወንበር ግማሹ ባዶ ሆነ። የእኛዋም አንድ ቀን ከሰዓት እያስነጠሰች ገባች፤ በማግስቱ ሰውነቷ እንደ ምድጃ ጋለ። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። «ይሄ ተራ ጉንፋን አይደለም፣ ኢንፍሉዌንዛ ነው። በደንብ ትጠጣ፣ ትረፍ፣ የትኩሳቱን መድኃኒት በልኩ ስጧት። የተለየ ነገር ካያችሁ ተመለሱ» አሉን። አምስት ቀን አተኮሳት። ውሃ በማንኪያ፣ ሾርባ በማንኪያ እሰጣት ነበር። ምግብ ሲባል አፏን ትዘጋለች። ክንዷ ቀጠነ። በስድስተኛው ቀን ትኩሳቱ እሷን ለቆ እኔን ያዘኝ።

አዳዳ በሰባተኛው ቀን መጣች። ከጎባ ሮቤ በሚኒባስ ቅርብ ነው፤ ለእሷ ግን ወንድሟ እኔን ካገባ ወዲህ ሩቅ ሆኖ ነበር። ጫማዋን አውልቃ፣ እኔን በተኛሁበት አልፋ፣ ቀጥታ ወደ ልጅቷ ሄደች። ክንዷን በሁለት ጣቷ ለካችው።

«ያ ረቢ! ይሄ ክንድ ነው የዶሮ እግር?»

«ታማ ነዋ» አልኩ። ድምፄ ስለተዘጋ የሰማኝ የለም።

«ምንድን ነው የምታበያት? ቁልፍ?»

እዚያው ቆማ ለልጄ ገሰራ ደወለች። ልጅቷን ወደ ጎባ እንደምትወስዳት፣ እኔም ታምሜ እንደተኛሁ፣ ቤቱ በሽታ ብቻ እንደሆነ ነገረቻት። ልጄ እሺ አለች። እኔን አልጠየቀችኝም፤ ብትጠይቀኝም ድምፅ አልነበረኝም። ባለቤቴ የልጅቷን ልብስ በፌስታል አደረገ። እህቱ ስትመጣ እጁ ሥራ ያገኛል።

በዚያ ጠዋት ያየሁትን እዚሁ እጽፋለሁ፣ የኋላው ነገር ሁሉ የመጣው ከእሱ ስለሆነ። አዳዳ ከመምጣቷ በፊት የልጅቷን ፖፖ ስደፋ ሽንቷ ጥቁር ሻይ መስሎ ነበር። ቀይ የሳል ሽሮፕ እየሰጠኋት ስለነበር የሽሮፑ ቀለም ነው ብዬ አሰብኩ። ደፋሁት። ራሴን ያዞረኝ ነበር፤ ግድግዳ ይዤ ተመልሼ ተኛሁ። ለማንም አልተናገርኩም።

ልጅቷ ጎባ ስምንት ቀን ቆየች። አዳዳ ለእኔ ሳይሆን ለባለቤቴ ትደውላለች፣ እኔ እንድሰማ ግን ድምፁን ከፍ እንዲያደርገው ታዘዋለች። «ዛሬ ጭኮ ሦስቴ በላች። ቅቤው እስከ ክርኗ ወረደ። እዚህ ቤት ልጅ አይከሳም።» በአምስተኛው ቀን ፎቶ ላከች። ፊቷ ሞልቷል፣ ጉንጯ ክብ ሆኗል። ልጄ ከገሰራ ደውላ ደስታዋን ነገረችኝ።

«ዓይኗስ?» አልኳት።

«ዓይኗ ምን ሆነ?»

«የለም እኮ። ስንጥቅ ነው የሚታየው።»

«እማ፣ ወፍራ ነው። በቃ ደስ ይበልሽ።»

ደስ አላለኝም። ግን ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። ቅናት ነው ብዬ ራሴንም ጠርጥሬያለሁ፤ አዳዳን በሚመለከት ራሴን ሁልጊዜ አላምንም።

በስምንተኛው ቀን አዳዳ ልጅቷ ስለዳነች ዱዓ አስደረገች። የጎባ ሴቶች ተጠሩ፣ ወንዶቹ በወዲያኛው ክፍል ተቀመጡ። እኔም ተሽሎኝ ከባለቤቴ ጋር ሄድኩ። ልጅቷን ፍራሽ ላይ፣ ከመሃል፣ በትራስ ተደግፋ አገኘኋት። የገባች ሴት ሁሉ ጎንበስ ብላ ጉንጯን ትነካለች።

«ማሻአላህ! ማሻአላህ! አዳዳ፣ እጅሽ ይባረክ!»

አዳዳ ከጎኗ ጭኮ የሞላ ሳህን ይዛ ቆማለች። ልጅቷ እኔን ስታይ ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ፊቷ አልታጠፍ አለ። አልተነሳችም። የልጅ ልጄ እኔን አይታ ሳትነሳ ቀርታ አታውቅም።

ከእግሯ ሥር ተቀመጥኩ። ያደረገችው ከሱቄ የወሰደችውን ግራጫ ካልሲ ነው። ያንን ካልሲ አውቀዋለሁ፤ ላስቲኩ ልል ነው፣ እናቶች «ይወርዳል» እያሉ ይመልሱልኛል። በእሷም እግር ላይ ሁልጊዜ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ወርዶ ነበር የሚውለው። ያን ቀን አልወረደም። ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ነበር። ዝቅ ሳደርገው እግሯን የዞረ ቦይ ቀረ። ቅልጥሟን በአውራ ጣቴ ተጫንኩና ለቀቅሁት። ጉድጓዱ እዚያው ቆየ። ካልሲ ስሸጥ ወፍራም ልጅም ቀጭን ልጅም አይቻለሁ። ሥጋ ሲጫኑት ይመለሳል።

«አዳዳ፣ ይሄ ውፍረት አይደለም» አልኩ። «እብጠት ነው።»

አዳዳ ዞረች።

«ምን አልሽ?»

«ውሃ ይዛለች። ሽንቷን ዛሬ ሸንታለች?»

አዳዳ ሳህኑን አስቀመጠች። «ሴቶች፣ ስሙልኝማ! ሠላሳ ስድስት ዓመት እቤቴ ስትመጣ ስለ ጤናዬ ጠይቃኝ አታውቅም። ዛሬ መጥታ ሽንት ትጠይቀኛለች።»

ሳቁ። ጥሩ ቀልድ ነበር።

«ጠዋት ስትነሳ ዓይኗ ይገለጣል ወይ?»

«ትተኛለች! የጠገበ ልጅ ይተኛል። የጠገበ ልጅ አይተሽ ስለማታውቂ ነው።»

«አዳዳ፣ እግሯን ይዩልኝ፣ እዚህ ጋ…»

«አንቺ ቤት ስትከሳ አልጮኽሽም፤ እኔ ቤት ስትወፍር ጮኽሽ። የዚህ ስሙ ምንድን ነው?»

«ቅናት ነዋ» አለች በሩ አጠገብ የተቀመጠች አንዲት ጎረቤት፣ ጭኮ እያላመጠች።

ባለቤቴን አስጠራሁት። መጥቶ የእግሯን ጉድጓድ አየ፣ እህቱን አየ፣ እንደገና ጉድጓዱን አየ። «መጀመሪያ ዱዓው ያልቅ» አለ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የኖርኩት ከዚህ ሰው ጋር ነው።

ልጅቷን በጋቢ አዘልኳት። ከሁለት ሳምንት በፊት አዝያት ሱቅ ድረስ እሄድ ነበር፤ አሁን ከበደችኝ።

«ወዴት ነው?» አለች አዳዳ።

«ሐኪም ቤት።»

«ሰው ዱዓ ሊያደርግላት ተሰብስቦ?»

«አድርጉላት። እኛ ባጃጅ እንይዛለን።»

ተከትላኝ ወጣች፣ ባጃጁም ውስጥ ገባች። ይህን ልመሰክርላት ይገባል፤ የቀኙን ጫማ በግራ፣ የግራውን በቀኝ አድርጋ ነበር። ልጅቷን አትወዳትም ብዬ አላውቅም። ባትወዳት ኖሮ ነገሩ ይቀልልኝ ነበር።

የተቀበለችን ሐኪም ወጣት ናት። ልጅቷን መዘነች፣ እንደ እኔ ቅልጥሟን ተጫነች፣ ደም ግፊቷን በትንሽ መለኪያ ለካች። አዳዳ፣ «ለልጅም ግፊት አለው?» አለች። ሐኪሟ አለው አለች። ከዚያ ምን እንደምትበላ ጠየቀች።

አዳዳ ቀና አለች። «ጭኮ። ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ። ራሴ ያሸሁት፣ ቅቤውም ጨውም ልክ የሆነ።»

ሐኪሟ ጻፈች። «እናቴ፣ ከአሁን ጀምሮ ጨው የለም።»

«ጨው የሌለው ጭኮማ የከብት መኖ ነው።»

«እሱም አይሰጣት።»

በመጠጫ ኩባያ ሽንት ተቀበልናት። የኩባያውን ታች እንኳ አልሸፈነም፤ ቀለሙ ቡናማ ነበር። ሐኪሟ ኩባያውን ዘንበል አድርጋ እያየች፣ ቀለሙ እንደዚህ ከሆነ ስንት ጊዜው እንደሆነ ጠየቀች።

«ጓሮ ነው የምትሸናው። ጓሮ ማን ያያል?» አለች አዳዳ።

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። ዝም ማለት እችል ነበር። አዳዳ አጠገቤ ቆማለች፤ ለእሷ ቢላ በእጇ ማስጨበጥ እንደሆነ ገብቶኛል። ልጅቷ አልጋው ላይ ተኝታ የጣሪያውን መብራት በስንጥቅ ዓይኗ ታያለች።

«ከሮቤ በሄደች ቀን ጠዋት ጥቁር ሻይ መስሎ ነበር» አልኩ። «ቀይ ሽሮፕ እሰጣት ስለነበር እሱ መስሎኝ ደፋሁት። ለማንም አልተናገርኩም።»

«ጥሩ፣ ይሄ ይጠቅመናል» ብላ ጻፈች። አዳዳ ዞር ብላ ብቻ አየችኝ። እኔ ነገር በሆዴ እንዴት እንደማስቀምጥ አውቃለሁ፤ እሷም እያስቀመጠች ነበር።

ሐኪሟ ነገሩን አስረዳችን። ኢንፍሉዌንዛ አብዛኛውን ልጅ አሞት ይሄዳል። በጥቂቶች ላይ ግን ትኩሳቱ ከወረደ በኋላ ኩላሊት ይታመማል። ኩላሊት ደሙን እንደ ወንፊት የሚያጠራ ነው፤ ሲታመም ሽንት ያንሳል፣ ይጠቁራል፣ ውሃው በሰውነት ይቀራል፣ ፊትና እግር ያብጣል። ጨው ደግሞ ውሃውን ይዞ ያስቀረዋል። ብዙ ልጆች ይድናሉ አለች። የእኛዋ ግን ሽንቷ ሊቆም ተቃርቧል፤ በሁለት ሦስት ቀን ካልተከፈተ ደም የሚያጥብ መሣሪያ ወዳለበት ከተማ እንልካታለን፣ በግፊቱም የተነሳ መንገዱ ራሱ ቀላል አይደለም አለች።

መድኃኒት ተጀመረ። ልጄ ከገሰራ መጣች። መስመር ያለው የፕላስቲክ ጆግ ተሰጠን፤ ሽንቷን በእሱ እየተቀበልን ለነርሷ እናሳያለን። የምትጠጣውም ውሃ በልክ ሆነ። ልጅቷ ውሃ ስትለምነኝ የለም ማለት የእኔ ሥራ ሆነ፤ ልጄ አትችልም፣ አዳዳ ደግሞ ቢፈቀድላት ወንዝ ታመጣላት ነበር። በመጀመሪያው ቀን ጆጉ ከታች ብቻ ረጠበ። በሁለተኛውም እንደዚያው። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ሐኪሟ የመላኪያውን ወረቀት ጽፋ ቀን የሚሞላበትን ቦታ ባዶ ትታ በልጅቷ ፋይል ውስጥ አስገባችው። እኔም ልጄም አየነው።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ልጅቷ፣ «አኮ፣ ሽንቴ መጣ» አለች። ጆጉ ሁለተኛው መስመር ደረሰ። ከቀትር በኋላ እንደገና አራተኛው። ነርሷ ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ ስታየው፣ ልክ አዳዳ ጭኮዬን የምታነሳው ዓይነት ነበር፤ ነርሷ ግን፣ «በጣም ቆንጆ ነው» አለች። በሕይወቴ ከሠራሁት ነገር ይህን ያህል የተመሰገነ የለም፤ እሱንም የሠራሁት እኔ አይደለሁም።

ከዚያ በኋላ እብጠቱ መውረድ ጀመረ። በየቀኑ ትመዘናለች፣ በየቀኑ ትቀንሳለች፣ ሐኪሟ ደስ ይላታል። ጠያቂዎቹ ግን ያለቅሱ ነበር። የጎባ ሴቶች በገቡ ቁጥር፣ «ወይኔ! ያ ሁሉ ጉንጭ የት ሄደ?» ይላሉ። ዓይኗ ሙሉ በሙሉ በተገለጠበት ቀን አንዷ አሮጊት ፊቷን በሻሽዋ ሸፍና ወጣች። አዳዳም ራስጌዋ ተቀምጣ፣ «እኔ ቤት እያለች አይታችኋታል» ትላለች።  ልጅቷ ጨው የሌለው ሩዝ ትበላለች።

በአምስተኛው ቀን ልጄ ከኮሪደሩ ተመልሳ መጣች። ፊቷን አይቼ አወቅሁ። ከውጭ የተቀመጡ ጠያቂዎች ማንነቷን ሳያውቁ ሲነጋገሩ ሰምታለች። አያቷ ሽንቷን አይታ ደበቀች፣ አዳዳ ባትደርስላት ኖሮ አልቆላት ነበር፣ ብለዋል። ሐኪም ቤት ያመጣቻትም አዳዳ ሆናለች። የመጣን ቀን ለሐኪሟ፣ «እኛ ነን ያመጣናት» ብላ ነበር፤ በሦስተኛው ቀን «እኔ» ሆኗል። ስለ ጭኮ የተነገረ ነገር አልነበረም።

«እማ፣ እውነት ነው?» አለችኝ።

«አይቻለሁ።»

«ለእኔ ነገርሽኝ?»

«አልነገርኩሽም። ሽሮፑ መስሎኝ።»

 የልጅቷን ልብስ ማጠፍ ጀመረች፤ የታጠፈውንም ፈትታ እንደገና አጠፈች። ቤት ከተመለስን በኋላ ዓርብ ዓርብ ስትመጣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ መጀመሪያ ፖፖውን ታይ ጀመር። ይህን ያደረገችው አዳዳ ናት። እኔም የራሴን ድርሻ አውቃለሁ፣ ከላይ ጽፌዋለሁ። የእሷን ግን እሷ አትጽፈውም።

ልጅቷ በዘጠነኛው ቀን ወጣች። ሁለት ሳምንት እንዳለፈ አዳዳ ሽማግሌ ይዛ ሮቤ መጣች። ሦስት ወንዶችና አንዲት አሮጊት፣ አዳዳ ከኋላቸው። ሱቄ ውስጥ ስለ እሷና ስለ ጭኮዋ ምን እንዳወራሁ ሰምታ ነበር፤ ያወራሁት እውነት ነው፣ ለደንበኛ ሁሉ።

«ሁሉም ከአላህ ነው» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። «ልጅቷ ድናለች። አውፍ በይ፣ ይቅር በያት፤ እሷም ትበልሽ።»

አዳዳ ታለቅስ ነበር። የውሸት አልነበረም። «እኔ ሳጎርሳት የነበረው እንድትድን ነው» አለች። «መርዝ መሆኑን ማን ነገረኝ?»

«እኔ ነግሬዎት ነበር» አልኩ። «እርስዎ አሳቁብኝ።»

 ባለቤቴ ጣሪያ አየ። ጎባ ውስጥ ያወራችውን ዞራ ታስተካክል እንደሆነ ጠየቅሁ። ሽማግሌው ወሬ ተመልሶ አይለቀምም፣ ተዪው አሉ።

«አውፍ ብያለሁ» አልኩ። በልቤ ግን አላልኩም ነበር። መርቀውን ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ይህ ነው። ልጅቷን በየወሩ ጎባ እየወሰድኩ ሽንቷንና ግፊቷን አስመረመርኩ። ሚኒባሱ በአዳዳ በር ያልፋል፤ አልወረድኩም። አዳዳ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ትደውላለች።

«ኩላሊቷ እንዴት ነው?»

«አልሀምዱሊላህ።»

«ምን አሉ? አሁንም ደም አለው አሉ?»

«ቀጠሮ ሰጥተውናል። ዱዓ ያድርጉ።»

ለልጅቷ ብላ ሰኞና ሐሙስ መጾም እንደጀመረች ከባለቤቴ ሰማሁ። በዚህ ዕድሜዋ፣ በጎባ ብርድ። ልጅቷ ከሐኪም ቤት በወጣች በአሥራ አንደኛው ወር ሐኪሟ ሽንቱ ንጹሕ ነው፣ ግፊቷም ልክ ነው፣ ከእንግዲህ እንደ ማንኛውም ልጅ ትብላ፣ አለችን። ለልጄ ደወልኩላት። ለባለቤቴ ነገርኩት፣ ለእህቱ እንዳይደውል አስጠነቀቅሁት፤ አልደወለም። ልጄ ለአዳዳ እኔ የነገርኳት መስሏት አልደወለችላትም። በዚያ ዓርብ አዳዳ ደውላ ኩላሊቷ እንዴት ነው አለችኝ። አልሀምዱሊላህ አልኳት። ሳልነግራት አምስት ወር ቆየሁ፤ አምስቱንም ወር ጾመች።